የፍሪሲዮኑ ልክ

"ኧረ ይተዉ ጋሼ! በግድ አያስገቡት!"

መካኒኩ ጆሮ እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ ወርውሮ ወደ ጋራዡ በር ሮጠ። ሰማያዊቷ መኪና ግማሽ አካሏ ግቢው ውስጥ፣ ግማሹ መንገዱ ላይ ሆኖ ቆማለች። ማርሿ ጥርሱን ያፋጫል። አንዴ ተንገጫገጨ፣ ደገመ፣ በስንት መከራ ገባና መኪናዋ ወደ ፊት ዘላ ሞተሯ ጠፋ።

በሩ አጠገብ የታክሲ በር በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ የነበረው ቀለም ቀቢ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

"ጋሼ፣ ነፍሴን ይማሩኝ እንጂ! ገና ምሳዬን እንኳ አልበላሁ።"

"አንተ ቀለምህን ለቅልቅ!" አሉ ጋሼ በመስኮቱ ብቅ ብለው። "እኔን ምን ትለኛለህ? ወንድሜን ጠይቀው። ሠራኋት ይለኛል፣ በሠራት ቁጥር ይብስባታል።"

ቀቢው ሳቀ፤ ጆሮ ግን አልሳቀም። ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ ኮፈን ሳይከፍት፣ ሞተሩን ሰምቶ ብቻ በሽታውን ስለሚያውቅ። ከሩቅ ሠፈር ድረስ "ጆሮ ይስማልኝ" እያሉ መኪና የሚያመጡ ሰዎች ነበሩ። የገዛ ወንድሙን መኪና ግን ይኸው ስንት ጊዜ ፈታ፣ ስንት ጊዜ አሰረ፣ መፍትሔው ጠፍቶበታል። ሰው ፊት ባይናገረውም ውስጡ እርር ድብን ብሏል።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ወንድሙ ይባሉ እንጂ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ጆሮ ገና ጫማውን በቅጡ የማያስር ልጅ ነበር። ጋሼ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ትምህርት ሲዘጋ ጎናቸው አስቀምጠውት አገር ላገር ይዞሩ ነበር። መኪና መንዳት ያስተማሩት እሳቸው፣ ጋራዥ ያስገቡት እሳቸው፣ ሲያገባ እንደ አባት ቆመው የዳሩት እሳቸው። ጡረታ ሲወጡ ይህችን ሰማያዊ መኪና ገዝተው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ጀመሩ። ጠዋት የሠፈሩን ሕፃናት ሰብስበው ያደርሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳሉ። ልጆቹ "አያቴ" ነው የሚሏቸው።

"እሺ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?" አለ ጆሮ።

"ዛሬማ ጉድ ሠራችኝ።" ጋሼ ከመኪናው አልወረዱም፤ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። "የትምህርት ቤቱን ዳገት ታውቀው የለ? መሐሉ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ እሷ ንቅንቅ አትልም። የሆነ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ወዲያው ወደ ኋላ መንሸራተት።"

"ልጆቹ ውስጥ ነበሩ?"

"ሁሉም ነበሩ። ከኋላዬ ደግሞ የዳቦ መኪና። በእጅ ፍሬን ያዝኳት እንጂ..." ጋሼ መሪውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ" አሉ። "'አያቴ፣ ድገመው' አሉኝ።"

ጆሮ በሩን ከፈተላቸው። "እስቲ ይውረዱ፣ እኔ ልያት" አለ።

ጋሼ በመጀመሪያ ቀኝ እግራቸውን አወረዱ፤ ቀጥሎ ግራውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው አወጡት። ጆሮ ያን ጊዜ ይህን ልብ አላለም። ሐሳቡ ያለው የሚቃጠለው ሽታ ላይ ነበር።

ገብቶ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ መሪው ሥር ተቀረቀሩ። ጋሼ ቁመተ ረጅም ሰው ናቸው፤ ወንበሩ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። ለመግፋት እጁን ወደ ታች ሰደደና መልሶ ተወው። የጋሼ ወንበር ነው፤ እንዳለ ይሁን ብሎ እንደ ምንም ተጨናንቆ ተቀመጠ።

ሞተሩን አስነሥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ሰጥቶ በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ለቀቀ። ደህና ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ እዚያው ታንቆ ይጠፋ ነበር። ሞተሩ እየጮኸ ቀጠለ። ይንሸራተታል ማለት ነው፤ ዲስኩ ሞተሩን አልጨበጠውም። ይህ ግልጽ ነው። ጆሮ ደስ ሊለው ምንም አልቀረው፤ ቢያንስ አንዱን በሽታ አገኘ።

ቀጥሎ የሚያፋጨውን ለመስማት ፔዳሉን ረግጦ የኋላ ማርሽ አስገባ። ጸጥ። እንደ ቅቤ ገባ። አወጣው፣ አንደኛ አስገባ፤ ጸጥ። መልሶ የኋላ፣ መልሶ አንደኛ። ጆሮውን ወደ ታች አዘንብሎ ጠበቀ። ምንም የለም።

እዚህ ላይ ክው አለ። ማርሽ የሚያፋጨው ፍሪሲዮኑ ሞተሩን አልለቅ ሲል ነው። የሚንሸራተተው ደግሞ አልይዝ ሲል ነው። አልለቅም የሚልና አልይዝም የሚል በሽታ በአንድ መኪና ላይ፣ በአንድ ቀን እንዴት ይገናኛሉ? አልይዝ ያለበትን ምክንያትስ ያውቀዋል፤ የገዛ እጁ ሥራ ነው። ጋሼ "ፍሪሲዮኑ ጠንክሮብኛል፣ ማርሽ እምቢ ይለኛል" ባሉ ቁጥር ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘውን ካቦ ወጠር፣ ፔዳሉ ገና ሲነካ እንዲለቅ፤ ሲመለሱ ደግሞ ወጠር። እንዲህ እያለ ዲስኩ የሚጨብጥበትን ፋታ አሳጣው። ያቃጠለው ማንም ሳይሆን እሱ ነው። ማርሹ ግን አሁን በእሱ እግር አያፋጭም። ከደቂቃዎች በፊት፣ በሩ ላይ፣ በጋሼ እግር ግን አፋጭቷል።

የሌላ ሰው መኪና ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱን "እስቲ ሲነዱት ልይ" ይል ነበር። ለማንም የሚለው ነው። ታላቅ ወንድሙን፣ መሪ ያስጨበጡትን ሰው፣ "እስቲ ይንዱና ልይዎት" ማለት ግን ነውር ሆኖበት ኖሯል። ቃላቸውን አምኖ ካቦ ሲወጥር ከረመ።

ከመኪናው ወረደ። ጋሼ የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው ቀቢው ያቀረበላቸውን ሻይ ይዘዋል። ጆሮ ዓይኑ ጫማቸው ላይ አረፈ። ቀኙ ጫማ እንደ ማንኛውም ሰው ጫማ ተረከዙ ጋ አልቋል። የግራው ተረከዝ ደህና ነው፤ ያለቀው አፍንጫው ነው፤ መሬት ሲጎትት የከረመ ጫማ ነው።

"ጋሼ" አለ። "እስቲ አንዴ ይግቡልኝና ማርሽ ያስገቡ።"

"አንተስ አሁን ስታስገባ አልነበር እንዴ?"

"እርስዎ ያስገቡልኝ።"

ጋሼ ትክ ብለው አዩት። ሻዩን ለቀቢው መለሱና ተነሥተው ገቡ። ጆሮ የእጅ ባትሪውን አብርቶ በተከፈተው በር በኩል ተንበረከከ፤ መብራቱን ፔዳሉ ላይ አደረገ።

የግራ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ወጣ። ገፋ። ፔዳሉ እስከ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ የጋሼ ግራ እጅ ከመሪው ላይ ወርዶ ጉልበታቸውን ከላይ ተጫነው። እግራቸውን በእጃቸው ገፉት! ፔዳሉ ትንሽ ወረደ፤ ቀኝ እጃቸው ማርሹን ጎተተ፤ ጥርስ ተፋጨ።

መሪውን የያዘ እጅ አልነበረም።

ጆሮ ባትሪውን አጠፋ። ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ። በየቀኑ፣ በዚያ ዳገት ላይ፣ ልጆቹን ጭነው፣ አንድ እጅ ጉልበት ላይ፣ አንድ እጅ ማርሽ ላይ።

"መቼ ጀመረዎት?" አለ።

"ምኑ?"

"እግርዎ፣ ጋሼ።"

"እግሬ ምን ሆነ? ፍሪሲዮኑ ነው የጠነከረው አልኩህ።"

"ፍሪሲዮኑማ እንደ ላባ ነው።"

ጋሼ በመስታወቱ ወደ ውጭ፣ ቀቢው ወደሚፈገፍገው በር ያያሉ። እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ።

"ከክረምት ጀምሮ ነው" አሉ። "መጀመሪያ የደነዘዘ ነበር የመሰለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ነርቭ ነው አለኝ። እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም አለኝ፤ እንቅጩን ነገረኝ።"

"እትዬስ ያውቃሉ?"

"ሚስቴም አታውቅም። ማንም አያውቅም። ላንተ ልነግርህ ነበር።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "በመጣሁ ቁጥር ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ እመጣለሁ። እዚህ በር ላይ ስደርስ አፌ 'ፍሪሲዮኑ ጠንክሮብኛል' ይላል። አንተም ሠራሁት ትለኛለህ። በቃ ተሠራ ማለት ነው እያልኩ ራሴን አታልዬ እሄዳለሁ። ጥቂት ቀን ደግሞ እውነትም ደህና ይሆናል።"

ጆሮ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ግራሶ ጉንጩ ላይ ተለቀለቀ። "እኔ ደንቆሮ! ጆሮ ይሉኛል እንዴ እኔን? ምን ሰማሁ እኔ!"

"ተው፣ አንተ ምን አጠፋህ? የደበቅኩት እኔ።"

ልጆቹ የሚለቀቁበት ሰዓት እየደረሰ ነበር። ጆሮ ተነሥቶ ኮፈኑን ከፈተ፤ የአሥራ ሁለት ቁልፉን አነሣ። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው፣ የመኪናዋን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው፣ መኪናዋን እየተደገፉ ወደ ፊት መጡና የእጅ ባትሪውን ከእጁ ወስደው አበሩለት። ድሮ ሌሊት መንገድ ላይ ጎማ ሲቀይሩ መብራት የሚይዘው ጆሮ ነበር። አሁን ተራው ተገለበጠ።

"ስማኝማ" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፤ ቀቢው እንዳይሰማ ይሆናል። "ካቦውን አንድ ዙር ብቻ ጨምርልኝ። ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ በቃኝ እላለሁ።"

"አንድ ዙር ብጨምር ዳገቱን ጭራሽ አትወጣም። ዲስኩ ሊነድ ጫፍ ላይ ነው።"

"አዲስ ዲስክ አስገባ እንግዲያው።"

"ዲስክማ አዲስ ይገባል፤ እግር..." ጆሮ ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ።

"እኔ ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው?" አሉ ጋሼ። "ከእትዬህ ጋር ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ ልናፈጥ? የወለድኳቸው እንደሆነ ለበዓል ይደውላሉ። እነዚህ ግን ስደርስ ይሻሙብኛል። ያቺ ትንሿ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀው፣ ቦርሳዋን ከእኔ በቀር ለማንም አታስይዝም። በየማለዳው መስኮት ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። ልጄ፣ አንተን ለምኜህ አላውቅም። እስቲ አንድ ጊዜ ለምኜህ አውቃለሁ?"

"አያውቁም፣ ጋሼ።"

"እኮ!"

ጆሮ ቁልፉን የካቦው ዳዶ ላይ ገጠመ። ወደ ቀኝ ቢያዞረው ይጠብቃል፤ ጋሼ ዛሬም እየሳቁ ይሄዳሉ፣ ምናልባት ነገም፣ ምናልባት ከነገ ወዲያም። ያ የዳቦ መኪና ታየው። "አያቴ፣ ድገመው" የሚሉት ልጆች ታዩት። እኚህን ሰው እምቢ ብሏቸው አያውቅም፤ በዕድሜው ሙሉ አንዲትም ቀን። እጁ ብረቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወደ ግራ አዞረው።

መብራቱ ሞተሩ ላይ ተርገበገበ። ጋሼ ሹፌር ናቸው፤ ዳዶ ወደየት ሲዞር እንደሚላላ ማንም አይነግራቸውም። ጆሮ ቀና ብሎ ሊያያቸው ድፍረት አጣ። ዕንባው ወርዶ ባትሪው ያበራለት ብረት ላይ ተንጠባጠበ። ትንሽ አዙሮ አቆመ።

"ምነው ቆምክ?" አሉ ጋሼ ከላይ።

"ጋሼ..."

"በል ወደ ልኩ መልሰው። ግማሽ ሥራ አላስተማርኩህም።"

መብራቱ እንደ ቀድሞው ጸጥ ብሎ ቆመ። ጆሮ ካቦውን ወደ ትክክለኛ ልኩ መለሰ፤ በእጁ ጎተት አድርጎ ፋታውን ለካ፣ አጠበቀ፣ ኮፈኑን ዘጋ። ከእንግዲህ ይህን ፔዳል የጋሼ እግር እስከ መጨረሻው አይረግጠውም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ጋሼ ባትሪውን አጥፍተው የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ በቦታው አስቀመጡ። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ያዩት ጀመር፤ ከዚያ ጆሮ መዳፍ ላይ አኖሩት።

"መንገዱን እኔ አሳይሃለሁ" አሉ። "ትንሿን መጨረሻ ላይ ነው የምናወርዳት። ቦርሳዋን እኔ ነኝ የምይዘው፣ እንዳትነካባት።"

እግራቸውን እየጎተቱ በመኪናዋ ፊት ዞሩና የቀኙን በር ከፈቱ። በዚያ በኩል ተቀምጠው ስለማያውቁ የደህንነት ቀበቶውን ወዴት እንደሚስቡት ግራ ገብቷቸው ጥቂት ታገሉ። ቀቢው መፈግፈጉን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል፤ ለአንዴም እንኳ አልቀለደም።

ጆሮ ከመሪው ኋላ ገባ። ጉልበቶቹ እንደ ቅድሙ ተቀረቀሩ። ቁልፉን ሰክቶ ሞተሩን አስነሣና እንዲሁ ተጨናንቆ ቀረ።

"ግፋው እንጂ ወንበሩን" አሉ ጋሼ ፊት ለፊት እያዩ። "ምን ትጠብቃለህ? ልጆቹ ቆመዋል።"

ጆሮ እጁን ወደ ታች ሰዶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው።