የኢላንጎ ፀጉር

ስልኳ ሲንቀጠቀጥ ፑንጎዲ የጀርባ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አዙራ በክርኗ ሰው እየገፋች ነበር። አላጋር የሚሉት አምላክ ምስል በወርቅ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ወደ ቫይጋይ ወንዝ ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። ማዱራይ ከተማ ነቅላ ወንዙ ዳር ወርዳለች። አምላኩ ዘንድሮ የለበሰው ሐር ቀይ ነው የሚል ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ፣ አጠገቧ የቆሙ ባልቴት፣ "ቀይ ለበጎ ሆኖ አያውቅም" ብለው አገጫቸውን ያዙ።

የደወለው አጎቷ ሻንሙጋም ነው።

"ወንድምሽ አጠገብሽ ነው?"

"አሁን እዚሁ ነበር። ምነው አጎቴ?"

"አባትሽ ሊነጋጋ ሲል አረፈ። አሁን አታልቅሺ ልጄ። አስከሬኑ የሚቃጠልበትን እሳት የሚለኩሰው ወንድ ልጁ ኢላንጎ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘሽው ድረሺ። የሱ ስልክ ዝግ ነው።"

እህትና ወንድም ቦርሳቸውን አዝለው፣ ርካሽ ማደሪያ እየፈለጉ ከከተማ ከተማ መዞር ከጀመሩ ሰንብተዋል። ገፍቶ ያስወጣቸው ራሱ አባታቸው ነበር። ለልብ ቀዶ ጥገናው ሆስፒታል እስኪጠራው ድረስ ፊቱን እያዩ የሚቀመጡ ልጆች እንደማይፈልግ ነግሯቸው ነበር። ማዱራይ የመጨረሻዋ ነበረች። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ኢላንጎ አንዲት ጉዳይ አለችኝ፣ ድልድዩ ሥር ጠብቂኝ ብሏት ሄደ። ሻይ ፍለጋ መስሏት ነበር።

ድልድዩ ሥር የለም። ቤታቸው ያለበት ኮይምባቶር በአውቶብስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ቀትር ሳይሆን ካልተሳፈሩ እሳቱን ሌላ ሰው ይለኩሰዋል።

የጠፋ ሰው ስም በድምፅ ማጉያ ወደሚጠራበት ድንኳን ሄደች። አስተናባሪው ምልክቱን ጠየቃት።

"ፀጉሩ ትከሻው ላይ ይወርዳል። አረንጓዴ ቦርሳ አዝሏል።"

"ከኋላ ሲያዩት አንቺን ነው የሚመስለው በያ" ብሎ ሳቀ። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠና ስሙን ደጋግሞ ጠራላት። ወደ ድንኳኑ የመጣ ግን አልነበረም።

ለአምላኩ ተብሎ ከላይ ከግድቡ የተለቀቀው ውኃ ከጉልበት አልፏል። ከወደ ፊት ጩኸት ተነሣ፤ ሰው ወደ ኋላ ተገፋ፤ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ጥቂት ቆይቶ አራት ወታደሮች አንድ ወጣት በቃሬዛ ተሸክመው በአጠገቧ አለፉ። ፊቱን እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖታል። እሷ ያየችው ራሱን ብቻ ነው። የተላጨ ነበር። የኔ አይደለም ብላ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ወዲያውም በመተንፈሷ አፈረች።

ወደ ላይኛው ዳር ወጣች። እዚያ ፀጉር አስተካካዮች በረድፍ ተቀምጠው ስለት ያለበትን ሰው ይላጫሉ። ባለ ረጅም ፀጉር ወንድሟን የምትፈልግ ሴት እዚያ ምን አላት? ዓይኗን ሳታሳርፍ ልታልፍ ስትል ከኋላዋ ተጠራች።

"እታለም! ዘግተሽኝ ልትሄጂ ነው?"

ኢላንጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቦርሳው ጉልበቶቹ መካከል ነው። ራሱ እንደ እንቁላል ነጥቷል፤ ከጆሮው በላይ ምላጭ የነካው ቦታ ይደማል። ፑንጎዲ ወደ ድንጋዩ ቀረበች። አጎቷ አግኝቶት ነው፣ የአባቱን ሞት ሰምቶ ለሐዘን ነው የተላጨው ብላ አሰበች።

"ሰማህ?" አለችው።

"ምኑን? ስልኬን እኮ ዘግቼዋለሁ።" ራሱን በመዳፉ ዳበሰና ሳቀ። "አባዬ ሲያየኝ አያምንም። ስንት ዓመት ቁረጠው እያለ ሲጨቀጭቀኝ! ለሱ ነው የተሳልኩት፣ ቀዶ ጥገናው በደህና እንዲያልፍ። ብነግርሽ አንቺም ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው።"

ልትነግረው ብላ ተወችው። አውቶብስ ውስጥ ትነግረዋለች፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ፣ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ በኋላ።

ፀጉር አስተካካዩ ሽማግሌ ናቸው። ምላጫቸውን እየጠረጉ ከጧት ጀምሮ ሁሉንም የጠየቁትን ጠየቁት።

"ስለት ነው ሐዘን? ለስለት ከሆነ የሰንደል ልውስ እቀባሃለሁ። ለሐዘን ከሆነ እንዲሁ ነው የሚኬደው።"

"ስለት ነው ጋሼ" አለ ኢላንጎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ።

ከበስተኋላቸው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ የፈረሱ እግር ውኃውን ነክቷል። ሽማግሌው ቢጫውን ልውስ በሁለት ጣታቸው ጨለፉ። ፑንጎዲ ቀደመቻቸውና መዳፏን በወንድሟ ራስ ላይ አሳረፈች።

"ይቅር" አለች። "አይቀቡት።"