ሦስት ጊዜ የተደወለው ስልክ

ርዕሰ መምህሯ ማርዴል ኦልስታድ የመጨረሻው ተማሪ ከገባ በኋላም የትምህርት ቤቱን በር ወዲያው አትዘጋም። አንድ ልጅ የጫማውን በረዶ አራግፎ ለመግባት የሚፈጅበትን ያህል ይዛው ትቆማለች። ጥር ሆነ ግንቦት ያው ነው። ልጆቹ "ሚስስ ኦልስታድ ለነፋሱ በር ይከፍቱለታል" እያሉ ይስቃሉ። ትልልቆቹ ግን አይስቁም፤ ለማን እንደምትከፍት ያውቃሉ።

ለብሪታ ሀውግሩድ ነው። ብሪታ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ስምንት ዓመቷ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ ከባድ የበረዶ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለና ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ፈንታ በሰባት ሰዓት ለመላክ ተጣደፈ። በሚኒሶታ ገጠር እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው። ርዕሰ መምህሯና ጸሐፊዋ የስልክ ዝርዝሩን ለሁለት ተካፍለው በየቤቱ ይደውላሉ፣ ከተደወለለት ስም ጎን ራይት ያደርጋሉ፣ ከዚያ አውቶቡሶቹ ይነሳሉ።

የነብሪታ ቤት ከዋናው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ይላል። እናቷ ሮኔል በየቀኑ መኪናዋን ይዛ መታጠፊያው ላይ ትጠብቃታለች። የዚያን ቀን አልጠበቀቻትም። አውቶቡሱ ልጅቷን አውርዶ ሄደ፤ እሷም ሰማይና ምድሩ አንድ በሆነበት ነጭ ሜዳ ላይ መንገዱ ጠፋት። በማግስቱ ከገዛ ቤታቸው አጥር ሥር አገኟት። ከበሩ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም ነበር።

እንግዲህ ማርዴል ከፈጣሪዋ በቀር ለማንም ያልነገረችው ይህን ነው። በዚያ ጥድፊያ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ፣ ገና ሳትደውል፣ አምስት ስም ላይ በአንዴ ራይት አደረገች። አራቱ ጋ ደወለች። አምስተኛው ጋ ስትደርስ የወረዳው ትምህርት ኃላፊ ደውሎ አውራ ጎዳናው ሊዘጋ ነው፣ ልጆቹን ቶሎ ላኪ አላት። ስልኩን ዘግታ ዝርዝሩን አየችው። ሁሉም ራይት ነው። ተነስታ አውቶቡሶቹን ሸኘች። አምስተኛው ስም የብሪታ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በስጋና በድንች የተጋገረ ምግብ ይዛ፣ ሳህኑ ሥር ስሟን በፕላስተር ለጥፋ፣ ለቅሶ ደረሰች። ሮኔል ሳህኑን ተቀብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። ደውለው ነበር? ማርዴል "ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም" አለች። ለምን ሦስት? እኔ እንጃ። ውሸት ቁጥር ሲኖራት ደህና ትቆማለች መሰለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ለፖሊሱም ያንኑ ደገመችለት፤ የሰፈር ጥሪ በማይመዘገብበት ዘመን ማን ይቆጥርባታል? የተኛችበት ትራስ ደግሞ ይህ ነበር፦ ሮኔል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ናት፣ ብደውልም ባልደውልም ያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ማርዴል ሌላ ሰው ሆነች። ከቤቱ አንድ አዋቂ በስልክ "እሺ፣ እጠብቃለሁ" ሳይል ማንም ልጅ አይላክም የሚል ደንብ አወጣች። ስንት ጊዜ ከሃያ ሠላሳ ልጅ ጋር ትምህርት ቤት አድራለች። ደንቡን ሌሎችም ወሰዱት። በዚህ ዓመት የርዕሳነ መምህራኑ ማኅበር የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ምርጥ ርዕሰ መምህር ብሎ ሲመርጣት ያልተደሰተ አልነበረም።

ሽልማቱ የሚሰጠው በድንገት ነው፤ ከተሸላሚው በቀር ሁሉም ያውቃል። ማርዴልን የንባብ ሳምንት መክፈቻ አለ ብለው ወደ ስፖርት አዳራሹ አመጧት። ስትገባ ሦስት መቶ ልጅ የእሷን ቀይ የአንገት ልብስ አስመስሎ የሠራውን ቀይ ወረቀት አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ተነሳላት። ኃላፊው በእንጨት ላይ የተለጠፈ የናስ ሰሌዳ ይዟል። ፊት ለፊት፣ በእንግዶች ወንበር፣ ሮኔል ሀውግሩድ ተቀምጣለች። ማርዴል ስታያት ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተመለሰች።

ኃላፊው ሳቅ ብሎ "ለማምለጥ እንዳትሞክሪ፣ በሩ ተይዟል" አላትና ልጆቹ ተንጫጩ። ቀጥሎ ለሽልማት የጠቆመቻት ሮኔል እንደሆነች ተናግሮ ደብዳቤዋን ማንበብ ጀመረ።

"ያን ቀን ሚስስ ኦልስታድ ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። በዚያ ሳምንት የዶሮ ፋብሪካው የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ቀን ቤት ውስጥ ተኝቼ ነበር፤ አልሰማሁም። በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም። ዛሬም ለልጄ በር ይከፍቱላታል።"

ሮኔል ቤት ውስጥ ነበረች። ስልኩ ቢጮህ ኖሮ ትነቃ ነበር፤ ነቅታም መታጠፊያው ድረስ ትነዳ ነበር። ማርዴል አዳራሹ ሲያጨበጭብ አትሰማም፤ የሚሰማት በዚያ ቤት ያልጮኸው ስልክ ብቻ ነው።

ሮኔል መጥታ አቀፈቻት። ጆሮዋ ሥር፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ፣ እስካሁን ስልኩን ትራሷ ላይ አድርጋ እንደምትተኛ ነገረቻት። "ትንሽ ኮሽ ሲል ብድግ እላለሁ" አለቻት። "ሦስት ጊዜ ጮኾ አንዴ እንዴት አይሰማኝም? እንዴት ያለች እናት ነኝ?"

ኃላፊው ማይክሮፎኑን ዘረጋላት። ማርዴል አልተቀበለችውም፤ ሰሌዳውንም አልነካችውም። የሮኔልን ክንድ ይዛ በጎን በር ወደ ዋናው መግቢያ ወሰደቻት። ሰዉ እንባዋን ልትደብቅ ነው ብሎ ጭብጨባውን አደመቀው።

በሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆመች። "ሮኔል፣ አንቺ ደህና እናት ነሽ። ስልኩ አልጮኸም። አልደወልኩም።"

"አልሰማሁዎትም" አለች ሮኔል።

"አንድ ጊዜም አልደወልኩም። ደወልኩ ብዬ ምልክት አደረግሁ እንጂ አልደወልኩም። ከዚያ ዋሸሁሽ።"

ሮኔል ግድግዳውን ተደገፈች። "ልጄ ተኝቼ የረሳኋት መስሏት ይሆን እያልኩ..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እንባ አልወጣትም። "ስለዚህ አልጮኸም" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ። ደግማም አለችው። ትከሻዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከመውን አራግፎ ወረደ። ቀና ስትል ግን ማርዴልን ያየችበት ዓይን ሌላ ነበር።

"ምግብሽን በላሁ" አለቻት። "ሳህንሽን አጥቤ መለስኩልሽ።"

ይቅርታ የሚለው ቃል የማርዴል አፍ ድረስ መጥቶ አፈረባት።

ሮኔል ካፖርቷን ቆልፋ ወጣች። ማርዴል እንደ ልማዷ በሩን ይዛ ቀረች፤ ቅዝቃዜው ወደ ኮሪደሩ ይገባል፣ ከአዳራሹ ልጆቹ ስሟን እየጠሩ ያጨበጭባሉ። ሮኔል ደረጃውን ወርዳ ስታበቃ ዞር ብላ አየቻት፤ ተመልሳም ወጣች።

"በሩን ልቀቂው" አለቻት። "የእኔ ልጅ በዚህ አትመጣም።"

ማርዴል ለቀቀችው፤ ሮኔልም ከውጭ ስባ ዘጋችው።