ለሙሽራው ቤት የተለቀመ አረም

«በፖርዝ ኬሬል ወደብ ከእኔ በላይ የባሕር አረም የሚያውቅ ሰው የለም፤ ካለም አርጅቶ ዓይኑ ደክሟል።»

አዜኖር ይህን ያለችው ረቡዕ ዕለት፣ ሽማግሌው ጎረቤቷ ጉልቬን ፊት ቆማ ነው። ጉልቬን ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ መነጽራቸውም እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለማን እንደተወረወረ ለመጠየቅ አልደከሙም። መረባቸውን መጠገናቸውን ሳያቋርጡ፣ እንግዲያው እሑድ እንተያያለን አሏት።

የእሑዱ ጉዳይ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የጉልቬን የሽሪምፕ መረብ ሁለት ዓሦች ይዞ ወጣ፤ እንደ እርሳስ የቀጠኑ፣ በጀርባቸው ላይ እሾህ የደረደሩ፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት። የዚህ ዓሣ ወንዱ ለሚስቱ ቤት ይሠራል። አረም በአፉ እየለቀመ፣ ከገዛ ሰውነቱ በሚያወጣው ክር እየሰፋ፣ ጡጫ የምታህል ጎጆ ያቆማል። አዜኖር ስጡኝ ብላ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሰጧት፣ ግን ቃል አስገቧት። መስታወት ውስጥ ጎጆ የሠራ የባሕር ዓሣ እሳቸው አይተው አያውቁም፤ በሁለተኛው እሑድ ጎጆ ካልታየ ሁለቱም ወደ ባሕር ይመለሳሉ። የእነዚህ ዓሦች ዕድሜ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም፣ የሚወልዱበት ጸደይም አንድ ብቻ ነው። በአንዲት ልጅ ጉራ እንዲያልፍባቸው ጉልቬን አይፈቅዱም።

አዜኖር ወንዱን ሙሽራው ብላ ሰየመችው። ገንዳው የተቀመጠው በአክስቷ በስዋዚግ ዕቃ ቤት፣ ፀሐይ በማይደርስበት የድንጋይ ግድግዳ ሥር ነው፤ ውኃው ከሞቀ አረሙ ይበሰብሳል። የባሕሩን ውኃ በጀሪካን ተሸክማ የሞላችው ራሷ ናት፤ ትከሻዋ እስኪላጥ። አረሙንም ገንጥላ አታመጣም። የባሕር አረም ሥር የለውም፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ከነጠጠሩ ታነሳዋለች፣ የገለበጠችውንም ድንጋይ እንደነበረ መልሳ ታስተኛዋለች። ይህን ሁሉ ያስተማሯት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አረም ለቅመው የኖሩት አክስቷ ናቸው። አዜኖርን ብትጠይቋት ግን ከተወለደች ጀምሮ የምታውቀው ነው።

አስቸጋሪው ሙሽራው ሆነ። እንደ ሰላጣ ቅጠል የሰፋውን አረንጓዴ አመጣችለት፤ ቀምሶ ተፋው። ቡናማውን አመጣችለት፤ ዞር ብሎም አላየው። የሴቲቱ ሆድ በእንቁላል እየተነፋ ሲሄድ፣ እሱ ቤት ኪራይ እንደተወደደበት ጎረምሳ ጥግ ይዞ ይቆዝማል።

በዚያው ረቡዕ ጉልቬን ሌላም ነገር ጠይቀዋት ነበር። የጀልባቸው ሰማያዊ የናይለን ገመድ ክረምቱን ውኃ ውስጥ ከርሞ አረም መሳይ እድፍ ለብሷል፣ ቅዳሜ ብትፍቅላቸው? ሲጠይቋት ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፣ ለሦስተኛ ቅዳሜ። እሷ አረም ለቃሚ እንጂ እድፍ ፋቂ አይደለችም፤ እጇም ይሸታል። ይህንኑ ነግራቸው ሄደች።

ቅዳሜን ለሌላ ነገር ነበር የፈለገችው። ከወደቡ ማዶ መነኩሴው የሚባል ዓለት አለ። ባሕሩ በጣም ርቆ በሚሸሽባቸው በዓመት ጥቂት ቀናት ካልሆነ በእግር አይደረስበትም፣ ይህ ቅዳሜም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ጎኑ ላይ እንደ ጥልፍ የረቀቀ ቀይ አረም ይበቅላል። ለሙሽራ የሚገባው ይህ ነው ብላ ወሰነች።

ባሕሩ ሸሽቶ የሚያበቃበትንና መመለስ የሚጀምርበትን ሰዓት የሚናገረው ትንሽ መጽሐፍ ሰባት ሰዓት ይላል። አዜኖር አንድ ጨመረችበት፣ ስምንት ሆነ። መጽሐፉ ሁልጊዜ በክረምት ሰዓት ነው የሚታተመው፤ መንግሥት በጸደይ ሰዓቱን ወደፊት ሲገፋ ባሕሩ አልሰማም፣ አንድ ጨምሪ ይሏት ነበር አክስቷ። የዘንድሮው መጽሐፍ ግን የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ በነጻ ያደለው ነው፣ እሱ ደግሞ ቀድሞ ጨምሮታል። ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ሽፋን የሚያነብ ማን አለ?

እናም ቅዳሜ ሰባት ተኩል ሲሆን ባልዲዋን አንጠልጥላ እየተንጎራደደች ወረደች። ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ሞልቶ እየተመለሰ ነበር። ባሕሩ ገና ሸሽቶ ሳይጨርስ እነዚህ ወደ ምሳቸው ይሮጣሉ ብላ ሳቀችባቸው።

ቀዩን ጥልፍ አገኘችው፤ እንቁላል በምታህል ጠጠር ላይ ተጣብቆ፣ አንድም ቅጠል ሳይጎድለው። ባልዲው ውስጥ ውኃ ሞልታ በጥንቃቄ አስቀመጠችው፣ የገለበጠቻቸውንም ድንጋዮች መለሰች። ቀና ስትል ቁርጭምጭሚቷን እንኳ ሳያርስ የተሻገረችው ቦይ ከኋላዋ ወንዝ ሆኗል።

ጉልቬን ዓይናቸው ደክሞም ቢሆን ከወደቡ ጫፍ ማን እንደሄደ፣ ማን እንዳልተመለሰ ያዩ ነበር። እየቀዘፉ መጡ። ዓለቱ ጥግ ጀልባ የሚያስጠጋ ስላልሆነ ያለቻቸውን አንዲት ገመድ ወረወሩላት፤ ያቺኑ ያልተፋቀችውን። ገመዷ ፊቷን በእርጥብ እድፏ ላሰቻት፣ ጫፏ ባልዲው ውስጥ ተዘፈቀ። ጉልቬን ባልዲውን ጥለሽ ነይ ብለው ጮኹ።

«ከነባልዲዬ ነው የምወጣው» አለች፤ ገመዷን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባልዲውን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ እስከ ደረቷ በሚደርስ የበረዶ ውኃ ውስጥ እየተጎተተች ጀልባው ላይ ወጣች። ጠብታ አላፈሰሰችም። ጥርሷ እየተንገጫገጨም ቢሆን ይህን ለጉልቬን ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። እሳቸው የጠየቋት በስንት ሰዓት እንደወረደች ብቻ ነው። ስትነግራቸው፣ ሽፋኑን አንብቢ አሏት።

አክስቷ ልብሷን አስወልቀው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በቅቤ የራሰ ትኩስ ቂጣ አስያዟት፤ ቁጣውን ለሰኞ አስተላለፉት። አዜኖር ግን ብርድ ልብሱን እየጎተተች ዕቃ ቤት ገባች፣ ባልዲውን እንዳለ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ቀዩ ጥልፍ መሐል ላይ ተዘረጋ። አብሮት የወረደ አንድ ጭቃ መሳይ ብጥስጣሽ ነገር ነበር፤ ነገ አጠራዋለሁ ብላ ተወችው።

እሑድ ወደ ማታ ገደማ ጎጆው ቆሞ ነበር። ጡጫ የምታህል፣ ድፍን፣ ዙሪያዋን በሚያብረቀርቅ ክር የተሰፋች ጎጆ። ሙሽራው በራፉ ላይ ቆሞ በክንፎቹ ውኃ ያራግባል፣ ሴቲቱ ግማሽ አካሏ ውስጥ ነው። አዜኖር እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ጀሪካኑ፣ የተላጠው ትከሻዋ፣ የበረዶው ውኃ፣ ሁሉም እዚያች ጎጆ ውስጥ የተሰፋ መሰላት። አክስቷ ገንዳው ፊት በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ በሠላሳ ዓመታቸው እንዲህ ያለ አለማየታቸውን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አዜኖርን ማን ይያዛት። ሮጣ ሄዳ ጉልቬንን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው።

ጉልቬን መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተሸንፌአለሁ፣ ዓሦቹ እዚሁ ይቀመጡ አሉ። እዚህ ላይ ብታበቃ ጥሩ ነበር።

«ከመነኩሴው ያመጣሁት አረም ነው፣ አባባ ጉልቬን። ለሙሽራ ምን እንደሚገባው የሚለይ ዓይን በዚህ ወደብ የኔ ብቻ ነው።»

ጉልቬን አውራ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ቀዩ ጥልፍ ከነጠጠሩ እንዳለ ነው፣ አንድ ቅጠል አልጎደለውም። ጎጆዋ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ግራጫና አረንጓዴ ብጥስጣሽ ናት፤ በወገቧም ላይ ሰማያዊ የናይለን ክር ዞሯል።

«ሙሽራሽ ቀይሽን አልነካውም» አሉ። «ይሄ የገመዴ እድፍ ነው፤ ሦስት ቅዳሜ ፍቂልኝ ብዬሽ እጄ ይሸታል ያልሽው።»