በገበሩ ውስጥ የተሰፋው ጥፍር

ልብስ ሰፊዋ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ መርፌ ስትይዝ እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ብሎ ሲያስለቅሳት አረፈደ።

ጠረጴዛዋ ላይ ስድስት የቆዳ ጃኬቶች ተከምረዋል። ባለቤቶቹ ሰፈርተኛው «ጥፍሮቹ» የሚላቸው ወሮበሎች ናቸው፤ ሱቅ ያቃጥላሉ፣ ሰው ያግታሉ። ድሮ በጃኬታቸው ጀርባ ላይ ቀይ ጥፍር አስጠልፈው፣ ደረታቸውን ነፍተው ነበር የሚሄዱት። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሕግ ወጣ። የወሮበላ ምልክት የለበሰ ይታሰራል፤ ለብሰው ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ከተገኙማ ቅጣቱ በዓመታት ነው። ትናንት ከመካከላቸው «ዝምታ» የሚሉት ሰው ጃኬቶቹን ተሸክሞ መጣ።

«ጥፍሩን ከጀርባው ፍቺና ገበሩ ውስጥ ስፊልን። ነገ ዘጠኝ ሰዓት እንወስዳለን» አላት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየት አደረገ። «ልጅሽ አደገች፣ አይደል? ትምህርት ቤቷ ከድልድዩ ማዶ ነው።»

 ዛቻው ገባት።

አምስቱን ጨርሳ ስድስተኛውን ስትይዝ አንዲት ሴት የተቀደደ ቀሚስ ይዛ ገባች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና መታወቂያዋን ብልጭ አደረገች። ሳጅን ናት።

«እትዬ፣ አይደንግጡ። ጃኬቶቹ እዚህ እንደገቡ ሰምተናል። ምልክቱን የት እንደደበቁት ነው ያላወቅነው።»

«የምን ጃኬት?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ጃኬቱ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ።

ሳጅኗ አልሳቀችም። «ተገዶ የሰፋ ሰው እውነቱን ከተናገረ ሕጉ አይነካውም። ችሎትም ላይ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው፣ ድምፅዎ ተቀይሮ ነው የሚመሰክሩት።»

«መጋረጃው ስስ ቢሆንስ፣ ልጄ? ጨርቅ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«አልዋሽዎትም፤ ምንም አይደርስብዎትም ብዬ አልምልም። ልጅዎን ግን አሁኑኑ ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ደህና ቦታ አደርስልዎታለሁ።»

ብትናገር እሳት፣ ዝም ብትል ረመጥ። ጎረቤቷ የነበረው ጫማ ሰሪ ትዝ አላት። እሱም ዝም ብሎ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ እንዳለ ነው ያቃጠሉት። ጃኬቱን ገልብጣ ገበሩን አሳየች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝምታ ሦስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ሁሉም ለበሱ። እጅጌውን ስታስተካክልለት ጣቶቿን አፍጥጦ አያቸው።

«ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለች። 

ዝምታ ገበሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «እጅሽ ወርቅ ነው» አለና ወጣ።

አሥር እርምጃ እንኳ አልሄዱም። ፖሊሶች ከሁለት በኩል መጥተው ግድግዳ አስደገፏቸው። ኪስ አልፈተሹም፤ በቀጥታ ገበሩን ገለበጡ። ያኔ ዝምታ ቀስ ብሎ ወደ ሱቁ መስታወት ዞረና አያት።  እሷ መቀሱን ከጠረጴዛው አንስታ ጨበጠች።

በዚያው ምሽት የስፌት መኪናዋን አስጭና ከሰፈሩ ወጥታ ልጇ ዘንድ ሄደች። ከስድስት ወር በኋላ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ፣ ወንድ በሚመስል ድምፅ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ዝምታ አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ያልተያዙት ሁለቱ የት እንዳሉ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ሩቅ ቦታ የሆስፒታል አንሶላ ትጠግናለች። በር በተንኳኳ ቁጥር መቀሱን ጨበጥ ታደርጋለች። ልጇ ግን በየቀኑ ትምህርት ቤት በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች።