በሰም የታሸ ቋጠሮ

ወለተሥላሴ ሲባጎዎቹን የወሰደችው ለደግ ነበር። ዐብዱልመሊክ ድንገት በሞተ ቀን፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ሸራ በጠባቧ መንገድ ላይ ሲወጠር ማሰሪያ ጠፋ። እሷም የሟቹ ቤተሰብ ወዳጅ ናትና ከሐረሩ ሸዋ በር ሮጣ መጥታ ጉድ ጉድ ስትል፣ ከሟቹ የስፌት መኪና አጠገብ በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ አንድ እቅፍ ሲባጎ አገኘችና አውጥታ ሰጠች። ያን ዕለት ተመሰገነችበት።

በአራተኛው ቀን ሸራው ወርዶ ሲባጎው ተተብትቦ ሲመለስ፣ የሟቹ ሚስት ዐይሻ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው?» አለች ወለተሥላሴ።

«ልጆቹ ናቸው።»

«የምን ልጆች?»

«ልኬታቸው ነው፣ አንቺ ሴት! በልጆቹ ነው ድንኳን የተከላችሁት!»

ዐብዱልመሊክ መኪና ግርግር በሚሉት የሰፊዎች መንገድ ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው ነበር። ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ሰዎች ከጅግጅጋ ማዶ መስፈራቸውን ሲሰማ፣ ባልደረቦቹን አስተባብሮ ጨርቅ ሰበሰበ። ከዚያም ራሱ መጠለያው ድረስ ሄዶ አርባ አንድ ወላጅ አልባ ልጆች ለካ። ሜትር አያምንም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሲባጎ ነው። ከጫፉ ሲነሣ አንዱ ቋጠሮ ትከሻ፣ አንዱ እጅጌ፣ አንዱ ቁመት። ጫፉ ላይ የልጁ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋለች። «ለዒድ አዲስ ትለብሳላችሁ» ብሏቸው ተመለሰ፤ በሳምንቱ ሞተ።

የሟች ቃል አማና፣ አደራ ነው። ለዒድ የቀረው ዘጠኝ ቀን። ዐይሻ ደግሞ ዒዳ ላይ፣ የባሏ ሐዘን ወቅት ላይ ናት፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም።

ከባሏ ሥር ሙያ የተማረው ሳኒ መጣ። ትብትቡን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ታላቅነቷን አክብሮ በሐረሪ ቋንቋ «አባይ ዐይሻ» ነው የሚላት።

«አባይ ዐይሻ፣ ይኼ ሁሉ ቋጠሮ ሆኗል። የእሳቸው የቱ ነው፣ የድንኳኑስ የቱ ነው? በግምት እንስፋውና ይለፍ። ልጅ እንደሆነ ያድጋል።»

«እሱ በግምት ሲሰፋ አይተኸው ታውቃለህ?»

ዐይሻ አንዱን ሲባጎ አንሥታ ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ዳበሰችው።

«ይኼኛው ይደርቃል። እንዳይፈታበት ቋጠሮውን በሰም ያሸው ነበር። ልስልሱ የእናንተ ነው፤ እሱን ፍቱት።»

«ያሰርኩት እኔ፣ የምፈታውም እኔ!» አለች ወለተሥላሴ እጅጌዋን ሰብስባ። «እምቢ ካለኝ በጥርሴ!»

«የትኛው ጥርስሽ?»

ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር። ወለተሥላሴ የቀሩትን ጥርሶቿን አሳይታ ሳቀች።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈቱ ዋሉ። ዐይሻ መውጣት ስለማትችል ሰፊዎቹ መኪናቸውን እየተሸከሙ ግቢዋ ገቡ፤ ያ ዝም ብሎ የነበረ ግቢ እንደገና ይንጫጫ ጀመር። ሠላሳ ዘጠኝ ልብስ፣ ከዚያ አርባ። የመጨረሻው ሲባጎ ሆዳን የምትባል ልጅ ልኬት ነው።

«አራት ቋጠሮ ነው» አለ ሳኒ። «አንዱ የድንኳኑ ነው፣ ልፍታው።»

ዐይሻ ነጠቀችው። ዳበሰች። አራቱም ደረቅ ናቸው።

«ሁለት እጅጌ ለክቷል። አንዱ አጭር ነው።»

«አባይ ዐይሻ፣ አንድ እጅጌ ረጅም፣ አንድ እጅጌ አጭር? የሐረር ሰፊ መርቅኖ ነው የሰፋው ይሉናል እኮ!»

«ይበሉ። ሰሙ እያለ ባሌን አታስክደኝ። ቁረጥ!»

ሳኒ እያጉረመረመ ቆረጠ። ልብሱ ሁሉ ከሸዋ በር ተጭኖ ሲሄድ ግን የዐይሻ ልብ አብሮ ተጫነ። የሰውን ልጅ በዒድ ቀን መሳቂያ ብታደርግስ? የባሏ የመጨረሻ ሥራ መቀለጃ ሆኖ ቢቀርስ? ከየሰላቷ በኋላ ያቺን አጭር እጅጌ ነበር የምታስበው።

የዒድ ጠዋት ሳኒ ዐይሻና ወለተሥላሴ ወዳሉበት ስልኩን ይዞ ገባ። ከመጠለያው በቪዲዮ ደውለው ነበር። በስክሪኑ ላይ አዲስ የለበሱ ልጆች ይጋፋሉ፤ ትከሻው ልክ፣ ቁመቱ ልክ። ከመካከላቸው ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ገፍታ ወደ ፊት መጣች። ግራ እጇ ከክርኗ በታች የለም። አጭሩ እጅጌ ክንዷ ያለቀበት ላይ አለቀ፤ ከዚያ አላለፈም፣ አልጎደለም። ሆዳን እሱን ከፍ አድርጋ አውለበለበችላቸው።

ሳኒ አንገቱን ደፋ። «አላህ ይርሐማቸው» አለ። «ለክተው ነበር።»

የወለተሥላሴ እልልታ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። የሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ አፈነች።

«ልቀቂው» አለቻት ዐይሻ።

«በሐዘን ቤት?»

«ልቀቂው አልኩሽ! አማናው ደርሷል!»

እልልታው ግንቡን ዘሎ እስከ ከተማው ጫፍ፣ እስከ ፈላና በር ተሰማ ይላሉ። የጀመረችው ግን ወለተሥላሴ አይደለችም፤ ዐይሻ ራሷ ቀድማታለች።