በአቶ ገብረየሱስ ራስ ዙሪያ የታየው ነጭ መስመር

ትርንጎ ነጩን መስመር ያየችው በላይነህ ከጀርባዋ ቆሞ ሳለ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ዝም ብላ አጥፍታው ባለፈች ነበር።

ደብረ ታቦር ላይ፣ ከባጃጅ ተራው ማዶ ባለችው ፎቶ ቤቷ፣ የሟች ፎቶ ማሳመር የዘወትር ሥራዋ ነው። ለተዝካር የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ይመርጣል፤ ግርማ አለው ይላሉ። የእህል ነጋዴው በላይነህም ከአንበሳሜ ድረስ መጥቶ የጠየቃት ይህንኑ ነበር። በፎቶው ላይ አባቱ አቶ ገብረየሱስ ከጉና ግርጌ ካለው ቤታቸው ደጅ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ጥርት ያለ ሰማይ ይታያል። ካረፉ ገና ወር አልሞላቸውም። ፎቶውን በቴሌግራም የላከችለት እሳቸውን ስታስታምም የነበረችው እህቱ ማርያማዊት ናት።

“ሰማዩን አጥቁሪልኝ፤ ፊታቸው ጎልቶ ይውጣ” አላት።

ትርንጎ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየረችና ሰማያዊውን ቀለም እስከ መጨረሻው አጠቆረችው። ሰማዩ የክረምት ደመና መሰለ። ያን ጊዜ በሽማግሌው ራስና ትከሻ ዙሪያ፣ በመቀስ የተቆረጡ ይመስል፣ ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ አለ። ጉንጫቸው ላይም ካሬ ካሬ ነጠብጣብ ወጣ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ በላይነህ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብሎ።

“ይጠፋል ጋሼ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።”

“እንዳታጠፊው!” ድምፁ ጠነከረ። “ተለጥፎ ነዋ! አባቴ እዚያ ደጅ ላይ አልቆሙም።”

ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ተቀመጠ እንጂ አልተረጋጋም። “እህቴን እንዴት ናቸው ባልኋት ቁጥር ደህና ናቸው፣ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ ትለኛለች። መንገዱ በጸጥታው ሳቢያ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። አትቸኩል አለችኝ። አላምንሽም ስላት ይችን ላከችልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ዐረፉ ተባልሁ። በእግሩ የቆመ ሰው እንዲህ በድንገት ይሞታል?”

ይህን ብሎ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ወረወረ። እዚያ ትርንጎ ለናሙና የሰቀለችው የሠርግ ፎቶ አለ፤ በሠርጉ ዕለት ያልነበረ ወንድም ከሙሽራው ጎን ቆሞ ይስቃል። ከሥሩ “የሌለን ሰው አብረን እናስገባለን” የሚል ጽሑፍ ለጥፋለች።

“በዚህ ከተማ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ስንት ሰው አለ?” አላት ቀስ ብሎ።

ትርንጎ ፊቷ ጋለ። “እህትዎን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።”

“እስቲ እናያለን” ብሎ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ከራሷ ካሜራ አንድ ፎቶ ፈለገች፤ የቤተ ክርስቲያን ጽድ ከሰማይ ፊት ለፊት። ሰማያዊውን ብታጠቁረው መስመር የሚባል የለም። ያንኑ ፎቶ በቴሌግራም ለራሷ ላከችና ከዚያ አውርዳ እንደገና አጠቆረችው። በጽዱ ዙሪያ ያ ነጭ መስመር ብቅ አለ፤ ነጠብጣቡም እንዲሁ። ቴሌግራሙ ፎቶውን ሲያሳንስ የሰማዩንና የዛፉን ቀለም ጠርዙ ላይ ያደባልቀዋል፤ ሰማዩ ሲጠቁር የተደባለቀው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እፎይ አለች።

እፎይታዋ ግን አልቆየም። የሽማግሌውን ፎቶ መልሳ ስታየው ሌላ ነገር ቆረቆራት። አቶ ገብረየሱስ መሐል ላይ አልቆሙም፤ በስተግራ ያለው ትከሻቸው ከፎቶው ጠርዝ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው። በስተቀኝ ደግሞ ባዶ ግድግዳ ተንጣሏል። አባቱን ፎቶ የሚያነሳ ሰው እንዲህ ዳር አስይዞ ያነሳል?

አስቀድማ ከበላይነህ ወደተቀበለችው የእህቱ ቁጥር ደወለች። “ማርያማዊት ነሽ? የአባትሽን ፎቶ የማሳምረው እኔ ነኝ። ዋናው፣ ያልተላከው፣ ስልክሽ ላይ አለ?”

“ምን ያደርግልሻል?”

“የላክሽው ተበላሽቷል። ወንድምሽ ደግሞ ተለጥፎ ነው እያለ ነው።”

“ጠፍቷል” አለችና ዘጋችው።

ትርንጎ እስካሁን በልቧ ለሴትዮዋ ስትከራከርላት ነበር፤ አሁን ልቧ ወደ በላይነህ አዘነበለ። ፎቶው የጠፋበት ሰው ምን ያደርግልሻል ብሎ አይጠይቅም።

በገበያው ቀን በላይነህ ፎቶ ቤቱ ገብቶ ትርንጎ የጽዱን ፎቶ ስታሳየው፣ አንገቱን እየነቀነቀ “የዛፉ የዛፍ ነው” ከማለቱ ማርያማዊት በሩ ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጫማዋ የጉናን ጭቃ እንደያዘ ነው። ወንድሟን ሰላም አላለችውም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

“ጠፍቷል ብለሽኝ ነበር” አለች ትርንጎ።

“ቢጠፋ ደስ ይለኝ ነበር።”

ትርንጎ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አሻገረችና ጥቁርና ነጭ አደረገችው። ሰማያዊውን እንደ በፊቱ እስከ መጨረሻው አጠቆረች። ሰማዩ ጠቆረ፤ በራሳቸው ዙሪያ መስመር የለም፤ ጉንጫቸው ላይ የዕድሜያቸው ሽብሽብ እንጂ ነጠብጣብ የለም። አልተለጠፈም። ግን ዋናው ፎቶ ከተላከው ይሰፋል። ከአቶ ገብረየሱስ በስተግራ አንድ ሰው ግማሽ አካሉ ይታያል፤ ክንዱን ከጋቢያቸው ሥር በጀርባቸው አዙሮ ብብታቸው ሥር ይዟቸዋል። ሽማግሌው ቆመው አልነበረም፤ ተንጠልጥለው ነበር።

“የማን እጅ ነው?” አለ በላይነህ።

“የጎረቤታችን፣ የጋሼ አያሌው። ለቅጽበት አቁሙኝና አንሺኝ ብለው አባታችን ናቸው ያዘዙን። እጁን ቁረጪው፣ በላይነህ ቆሜ ይየኝ አሉ።” ማርያማዊት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። “መንገዱን ታውቀው የለ? የእኔስ ጊዜዬ ነው፣ እሱ ልጆች አሉት፣ እኔን ብሎ ሲመጣ አንድ ነገር ቢሆንስ አሉኝ። አስማሉኝ።”

“እኔን ሳትጠይቂኝ?”

“ብጠይቅህ ትመጣ ነበራ።”

በላይነህ ጣቱን ወደ ፎቶው ዘረጋ፤ አባቱን ሳይሆን ያን ክንድ ነካው። ለረጅም ጊዜ አላነሳውም።

“እንደላክሁለት አድርገሽ አትሚው” አለች ማርያማዊት ለትርንጎ። “አደራቸው ነው።”

“ለተዝካሩ የተቆረጠው ይሁን” አለ በላይነህ። “ለእኔ ግን ሙሉውን።”

ማርያማዊት ስልኳን አንስታ ወጣች። ትርንጎ ሁለቱንም አትማ ስትጠቀልልለት ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። “እውነት አባቴ እንዲህ ብለዋት ይመስልሻል? ወይስ ይህንንም እሷ ናት ቆርጣ የቀጠለችው?”

ትርንጎ ወደ ፎቶው አየች። የሽማግሌው ዓይን ካሜራውን ትኩር ብሎ ያያል፤ ከንፈራቸው ገጥሟል።

“ያን ፎቶው አያሳይም ጋሼ” አለች። “ጋሼ አያሌው ግን እዚያው ነበሩ፤ እሳቸውን ይጠይቁ።”

ራሱን ነቀነቀ። ውጭ ማርያማዊት ባጃጅ ውስጥ ገብታለች፤ ወደ ጥግ ተጠግታ ቦታ ትታለታለች። በላይነህ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ መንገዱ ዳር ለአፍታ አመነታ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋበት ሄዶ ከእህቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ፊት ለፊታቸውን እያዩ ቁልቁል ወረዱ።