ካህን ተሳፋሪ ነው ወይ?

አማቴ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ እንኳን የኢንሹራንስ ወኪል ሐኪምም አያምኑም። ወኪሉ ቴዎፍሎስ የአይሱዙዋችንን ውል ሊያፈርመን ደባርቅ መውጫ ካለችው ሱቄ የመጣ ቀን ልጁን ላብ በላብ አደረጉት።

«የካምፓኒያችሁ ካፒታል ስንት ነው?» ብለው ጀመሩ። ነገራቸው።

«በአንድ ቀን ይኼ ሁሉ መኪና ቢገለበጥ ይበቃል?»

«አባቴ፣ ካምፓኒውም በበኩሉ ሌላ ዘንድ ዋስትና ይገባል። ጠለፋ ዋስትና ይሉታል።»

«እሱስ ቢወድቅ?»

«ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረናል።»

«ጦርነት ቢመጣስ?»

«ጦርነትን አይሸፍንም።»

አማቴ የረቱት መስሏቸው ፈገግ አሉ። እኔ አልሳቅሁም። ጦርነቱን በዚሁ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ አይተነዋል፤ ደግሞ ያቺ አይሱዙ የቀልድ ነገር አይደለችም። ባሌ የሺዋስ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲነዳ ኖሮ፣ አባቱም የወረሱትን ቦታ ሸጠውለት የተገዛች ናት። ከእሷ ሌላ የኛ የምንለው ነገር አልነበረንም።

ቴዎፍሎስ ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ዞር አለ። «አደራችሁን፣ ጭነቱ ላይ ሰው አትጫኑ። ሰው ጭናችሁ አንድ ነገር ቢደርስ ካምፓኒው አይከፍልም።»

«የኔ ልጅ ተሳፋሪ አይለቅምም» አሉ መሪጌታ፣ እንደተሰደቡ ሁሉ።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ የሺዋስ ድንች ጭኖ ወደ ዛሪማ ሊወርድ ነበር። ጠዋት ሱቄን ስከፍት መኪናዋ ደጄ ላይ ቆማለች። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ ወጥቶ አስፋልቱን ውጦታል። ቀና ብል ከጆንያው በላይ ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች ታዩኝ። የደብራችን ካህናት ናቸው። ከበሮውም ጃንጥላውም ተጭኗል፤ ዛሪማ ለንግሥ ተጠርተው ነው። አማቴ መሐላቸው መቋሚያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቴዎፍሎስ ያለውን ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁም። ተሳፋሪ አትጫኑ ነው ያለ። እኛ ምን ከፈልን? ካህን ተሳፋሪ ነው ወይ? ይልቅስ ይቺ መኪና በሰላም የምትወርድ እኛ ስላለንባት ነው፣ ልጄ።»

የሺዋስ መሪውን እንደያዘ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አባቴን ከነካህናቱ ውረዱ ልበላቸው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«በላቸዋ።»

«አንቺ በያቸው።»

አልኩ። ይውረዱልን፣ አውቶቡስ አለ፣ እኔ እከፍላለሁ አልኩ። ካህናቱ ሳቁብኝ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ዘረጋልኝ፤ ተንጠራርቼ ከመሳለም በቀር ምን ላደርግ ነው? መኪናዋ ተነሣች፣ ጉሙ ውስጥ ገባች፤ ከበሮው ብቻ ትንሽ ተሰማኝ።

የሺዋስ ዛሪማ ሲገባ ይደውላል፣ ልማዱ ነው። ረፋዱ አለፈ፣ አልደወለም። ስሞክርለት ስልኩ አይጠራም። ሊማሊሞ ላይ ኔትወርክ የለም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በመጨረሻ ለቴዎፍሎስ ደወልኩ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። በነፃ የተሳፈረ ካህን ከሰው ይቆጠራል?»

«እትዬ ማርያማዊት» አለኝ፣ «ከፈለም አልከፈለም፣ ከጭነት በላይ ያለ ሁሉ ሰው ነው። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

«ኧረ ምንም» ብዬ ዘጋሁት።

ከዛሪማ የሚወጡ ሾፌሮች የየሺዋስ ጓደኞች ናቸው፤ ክላክስ ሳያሰሙኝ አያልፉም። የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ዝም ብሎ አለፈ። ጉሙ ከልሎኝ ይሆናል አልኩ። ተከትሎት የመጣው ግን በደንብ አየኝና ፊቱን አዞረ። ፈራሁ። ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ።

ከነሱ ኋላ የመጣው ገዱ መኪናውን አቆመ። ከየሺዋስ ጋር አብሮ የነዳ ሰው ነው። ልብሱ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው፤ አንድ እጁን ከጀርባው ደብቋል።

«እቴ ማርያማዊት፣ መኪናዋ ኢንሹራንስ አላት?»

በደህና ለገባ መኪና ይኼ አይጠየቅም።

«የሺዋስስ?» አልኩት።

«እሱ ተርፏል፤ ፖሊስ ይዞታል። ለሟቾቹ ካሳ የሚከፍልለት ካለ ብዬ ነው።»

«አባባስ?»

ገዱ የደበቀውን እጁን አውጥቶ የአማቴን መቋሚያ ሰጠኝ። ጭቃውን በቀሚሴ ጠረግሁለት። አባባ ያንን ሁሉ ጥያቄ ጠይቀው ጠይቀው፣ የካህናቱ ሚስቶች ነገ መጥተው የሚጠይቁኝን ለኔ ትተውልኝ ሄዱ።